ባለጌ ሳንባ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምህረት ደሴ ላይ የነበረው ጉድ ግን ለአንድ መስከረም ይበዛል፤ ለአሥር ቢከፋፈል ይበቃ ነበር።

ናርዶስ ልጇን ውባለምን የምትቀሰቅሳት ሰማዩ ገና ሳይገላለጥ ነው። ልጅቷ አሥር ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። አስሙ የዘር ነው፤ እናትየውም አለባት። ውባለም ከአልጋዋ እንደወረደች ኢንሄለሯን ትስባለች። ከዚያ በኋላ ጥድፊያ የለም። መድኃኒቱ ሳንባዋን እስኪከፍትላት ናርዶስ ጸጉሯን ትጎነጉንላታለች። ቀጥሎ እዚያው ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ክንዳቸውን ያወዛውዛሉ። ሰውነታቸው ሞቅ ሲል አፍና አፍንጫቸውን በሻርፕ ሸፍነው ይወጣሉ፤ የደሴ የጠዋት ብርድ አስመኛ አይምርም። ከጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ቀጭን መንገድ መጀመሪያ ይራመዳሉ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ እንደገና እርምጃ።

«እያወራሽ!» ትላታለች እናቷ። «ወሬው ካቃተሽ ሩጫው በዝቷል ማለት ነው።»

ውባለም ደግሞ ለወሬ ማን ብሏት! ስለ አስተማሪዋ፣ ስለ ጓደኛዋ አዲስ ጫማ፣ ሌሊት ስላየችው ሕልም እያወራች ዳገቱን ትጨርሰዋለች። ሲመለሱም ድንገት አይቆሙም፤ ቀስ እያሉ፣ እየተራመዱ፣ ልባቸው ረጋ ሲል ቤታቸው ይገባሉ።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ተደብቀው ነው። ሌብነት አይደለም፤ ሩጫ ነው። ግን ተደብቀው ነው።

በዚያ ዘመን በሰው ሁሉ ኮሌታ ላይ ጠባቂ ነበረች። የአተር ፍሬ ታክላለች፤ ሥራዋ ትንፋሽ ማዳመጥ ነው። ትንፋሽ ደህና ሲሆን አረንጓዴ ታበራለች፤ ሲዛባ ቢጫ፣ ሲብስ ቀይ። ቢጫ የሆነ ሰው የደረጃ በር አይከፈትለትም። ቀይ ለሆነ ሰው ወንበር ይመጣለታል። ወንበሩ ባለ ጎማ ነው፤ ማንም ሳይገፋው በራሱ መጥቶ «ስለ ደህንነትዎ ይቀመጡ» ይላል። አነጋገሩ ትሁት ነው። እንቢ ያለውን ሰው እግር እግሩን እየተከተለ እስኪቀመጥ ድረስ ይኼንኑ በትሕትና ይደጋግምበታል።

ቀይ የሆነ ልጅ ደግሞ የዕረፍት ትምህርት ቤት ይገባል። እዚያ ሩጫ የለም፣ ኳስ የለም፣ ደረጃ የለም። ልጆቹ ተቀምጠው ይማራሉ፣ ተቀምጠው ይበላሉ፣ ተቀምጠው ከክፍል ክፍል ይሄዳሉ። የናርዶስ ጎረቤት ልጅ ናሆም ትንሽ ሳለ አጥር ለአጥር የሚዘል ቀበጥ ነበር። አስም አለበት ተብሎ እዚያ ገባ። አሁን ጎረምሳ ሆኗል፤ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ግቢው በር ያለችውን መሬት ለመሄድ ሁለት ጊዜ ያርፋል። እናቱ ሲሄድ አታይም፤ ፊቷን ታዞራለች።

አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ይዞ፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ፣ ሰውነቱን እያዳመጠ ቢንቀሳቀስ እንደሚጠነክር ድሮ ሐኪም ሁሉ ይመክር ነበር። ድሮ! አሁን ማን ኃላፊነት ይውሰድ? አንዱ ሮጦ ቢወድቅ የሚጠየቅ ባለሥልጣን አለ፤ ሺው ተቀምጦ ቢልፈሰፈስ የሚጠየቅ የለም። ስለዚህ ሺው ይቀመጥ ተባለ።

ውባለም በሩጫዋ አንድም ቀን ቢጫ ሆና አታውቅም። ጠባቂዋን ሳታስቀይም መሮጥ ተምራለች። ቢጫ ሆና የምትቀረው እሑድ እሑድ፣ አያቷ ቤት ነው።

አያቷ አባባ ኢዮኤል የናርዶስ አባት ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ቤታቸው ደፉ ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም የድሮ ቤት ነው፤ ይፍረስ ቢባሉ «እኔን ቅበሩና አፍርሱት» ብለው ተዉት። እሑድ ውባለም ከእግራቸው ሥር ትቀመጣለች፤ እሳቸው ተረት ያወሩላታል። በየዓረፍተ ነገሩ ማብቂያ ቆም ይላሉ፤ ልጅቷ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች። አዎ ማለቷ ነው። እየሰማሁ ነው፣ ይቀጥሉ ማለቷ ነው። እሳቸውም ይቀጥላሉ። የአገሩ ሰው ሁሉ ሲያዳምጥ እንዲሁ ነው፤ የተከበረ ሰው እያወራ ዝም ብሎ መቀመጥ የባለጌ ነው። ናርዶስም አጠገባቸው ሆና ሽንኩርት እየላጠች ሳብ ታደርጋለች፤ ማድረጓንም አታውቀውም።

ታዲያ እሑድ ሲመሽ የልጅቷ ጠባቂ ቢጫ ትሆናለች። የእናቷም እንዲሁ።

«አቧራው ነው» አለች ናርዶስ። የአባቷን መጋረጃ አወለቀች። ቢጫው አልቀረም። ድመታቸውን ለሰው ሰጠች። አልቀረም። በመጨረሻ አባቷ ከሟች ባለቤታቸው የተቀበሉትን፣ ዕድሜ ልካቸውን የተቀመጡበትን አጎዛ ከሥራቸው ጎትታ አውጥታ ጣለች።

«አጎዛዬ ምን አደረገሽ ልጄ?» አሏት፤ የተቀመጡበትን ጣውላ በእጃቸው እየዳሰሱ።

«ልጄን ሊያሳጣኝ ነው አባባ!» ብላ ጮኸችባቸው።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! በሚቀጥለው እሑድም ልጅቷ ቢጫ ሆነች። ቢጫዋ ስለተደጋገመ ሐሙስ ለምርመራ ተጠራች። ምርመራው ላይ ቀይ ከሆነች ሰኞ የዕረፍት ትምህርት ቤት ትገባለች። እዚያ የገባ ልጅ ድኗል ተብሎ ሲወጣ ናርዶስ አይታ አታውቅም።

ሐሙስ ዕለት የትንፋሽ ጥበቃ ቢሮ የተቀበላቸው መርማሪ አቶ ቃልአብ ይባላል። ስልሳ የሞላው፣ ጨዋ፣ ሰላምታው ረጅም የሆነ ሰው ነው። መርማሪ ስለሆነ እሱ ጠባቂ አያደርግም። ናርዶስ ልጇን ኮሪደሩ ላይ መድኃኒቷን እንድትስብ አድርጋ፣ ወዲያ ወዲህ አመላልሳ ሰውነቷን አሙቃ ነበር ያስገባቻት። ውባለም መሮጫው ማሽን ላይ ወጣች። ከፊቷ ትልቅ መብራት አለ፤ አረንጓዴ ነው። ማሽኑ ተነሳ፤ እሷም ተነሳች። እግሯ አይጎተትም፣ ትከሻዋ አልተነሳም፣ ደረቷ አያፏጭም። ናርዶስ ከመስታወት ግድግዳው ወዲህ ቆማ ታያታለች።

ደንቡ መርማሪው የሚሮጠውን ልጅ ያነጋግር ይላል። አቶ ቃልአብ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ጠጋ አለ።

«ትምህርት ላይ ጎበዝ ነሽ አሉ?»

ውባለም ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

«አያት አሉሽ?»

ሳብ።

«ተረት ያወሩልሻል?»

ሳብ፣ ሳብ፤ ይኼኛው ከልቧ ስለሆነ ሁለቴ ነው። መብራቱ ቢጫ ሆነ። ናርዶስ መስታወቱን ያዘች። አቶ ቃልአብ ልጅቷ እንዳትደናገጥ ድምፁን አለሰለሰ፤ አይዞሽ፣ እናትሽ እዚሁ ናት፣ አየሻት፣ ደርሰናል እኮ እያለ አጽናናት። ልጅቷም ለማጽናኛው ሁሉ እንደ ጨዋ ልጅ ሳብ እያደረገች መለሰችለት። መብራቱ ቀይ ሆነ። ማሽኑ ቆመ።

«ለምን ቆመ?» አለች ውባለም። «አልደከመኝም እኮ!»

አልደከማትም። ግንባሯ ላይ ላብ እንኳ በወጉ አልወጣም። አቶ ቃልአብ ግን አንገቱን ደፍቶ ወጣና «አዝናለሁ የኔ እህት። ዐረፍ ብላ አንድ ጊዜ ልትደግም ትችላለች። ሁለተኛውም ቀይ ከሆነ ግን በእኔ እጅ አይደለም» አለ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ተቀመጡ። ናርዶስ ማንን ትስደብ? ማሽን ቢሰድቡት አይሰማ። ልጇን አየቻት፤ ውባለም እግሯን እያወዛወዘች ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ታያለች።

«ደህና ነሽ ውቤ?»

ልጅቷ ሳብ አደረገች። ኮሌታዋ ላይ ያለችው ጠባቂ አንዴ ቢጫ ብልጭ ብላ ወደ አረንጓዴ ተመለሰች።

ናርዶስ ዓይኗ ጠባቂዋ ላይ ቀረ። ልጅቷ ተቀምጣለች፤ አትሮጥም፤ አቧራ የለም፣ ድመት የለም፣ አጎዛ የለም።

«ዛሬ ሐሙስ ነው አይደል?»

ሳብ። ብልጭ።

«ስምሽ ውባለም ነው?»

ሳብ። ብልጭ። «ምን ሆነሻል እማ?» አለች ልጅቷ።

ምን አልሆነችም! ጠባቂዋን የሠሩት ሰዎች ባሕር ማዶ ያሉ ናቸው፤ አዎ ሲሉ ትንፋሽ አይስቡም። በእነሱ ዘንድ ትንፋሹን እንዲያ የሚስብ የሚታፈን ሰው ብቻ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ታላቅን የሚያከብር ልጅ ሁሉ እንዲያ ይስባል። ከተማው በሙሉ የታመመው በጨዋነቱ ነው። ናሆም! ያ ምስኪን ናሆም እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ልጅ ነበር። አባቷንም አሰበች፤ ባዶ ጣውላ ሲዳስስ የነበረውን እጃቸውን አሰበችና ደሟ ፈላ። ተነስታ የአቶ ቃልአብን በር ሳታንኳኳ ገባች።

«ልጄ አልታመመችም!» አለች። «አዎ እያለችዎት ነው። እርስዎን አክብራ ነው የምትስበው። ማሽኑ እሱን ነው እንደ መታፈን የሚቆጥረው።»

አቶ ቃልአብ ሳብ አደረገ።

«ተቀምጣም ሞክሬያታለሁ። በጠየቅኳት ቁጥር ቢጫ ትሆናለች።»

ሳብ።

«እርስዎም እኮ እያደረጉት ነው! አሁን! እኔን ሲሰሙ!»

አቶ ቃልአብ አፉን ያዘ። ፊቱ ቀላ። «ዕድሜዬን ሙሉ...» ብሎ ተወው። ስንት ልጅ በዚህ ክፍል አልፎ ወደ ወንበር እንደሄደ እሱ ያውቃል፤ ናርዶስ አልጠየቀችውም።

«ታዲያ ይጻፉላት!» አለችው። «ደህና ናት ብለው ይጻፉ!»

«የምጽፍበት ቦታ የለኝም። የሚጽፈው መብራቱ ነው።»

«እርስዎ ታዲያ ምን ይሠራሉ እዚህ?»

«አነጋግራለሁ» አለ አቶ ቃልአብ፤ ድምፁ ወደ ታች ወርዶ። «ደንቡ እንደዚያ ስለሚል አሁንም ላነጋግራት ነው። ይኸውልሽ እህቴ፣ ልጅቷ አትመልስልኝ። ሌላ የማውቀው መድኃኒት የለም።»

ናርዶስ ኮሪደሩ ላይ ልጇ ፊት ተንበረከከች። መጀመሪያ «ድምፅ አውጥተሽ አዎ በይ» ብላ ሞከረቻት። ውባለም «አዎ» አለች፤ ግን ትንፋሿ ቀደማት፤ ጠባቂዋ ብልጭ አለች። ደገመች፣ ቀደማት። ከጡት ጋር የጠባችው ነገር ነው፤ በአንድ ከሰዓት አይወጣም።

«እሺ» አለች ናርዶስ። «ከንፈርሽን ግጠሚ። ምንም ቢሉሽ አትመልሺ። አዎ አትበይ፣ አትሳቢ፣ ራስሽንም አትነቅንቂ፤ ከነቀነቅሽ ትረሺና ትስቢያለሽ።»

«ሰውዬው ትልቅ ሰው ናቸው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ነውር አይደል እማ?»

«ነው» አለች ናርዶስ። ጥርሷን ነክሳ ነው የምታወራው። «ዛሬ ነውረኛ ሁኚልኝ። ባለጌ ሁኚ። ባለጌ ሆነሽ በእግርሽ ሂጂ።»

ሁለተኛው ሩጫ ተጀመረ። አቶ ቃልአብ አጠገቧ ቆመ። ደህና ነሽ አላት፤ ውባለም ፊት ፊቷን እያየች ሮጠች። አያትሽ ይወዱሻል አይደል አላት፤ ከንፈሯ ነጣ እንጂ አልተከፈተም። መብራቱ አረንጓዴ ነው። ሲያነጋግራት ቃላቱ አለቁበት መሰለኝ፣ በመጨረሻ «እናትሽን ትወጃታለሽ?» አላት። ልጅቷ በመስታወቱ ወደ እናቷ ዞረች። ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። ናርዶስ በዚህኛው ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው መብራቱ አሁንም አረንጓዴ ነው፤ ማሽኑ ጊዜውን ጨርሶ ቀስ እያለ ይቆማል።

«አልፋለች» አለ አቶ ቃልአብ በሩ ላይ። «ግን እየተከታተሏት ነው። ከእንግዲህ አንዲት ቢጫ ካዩ ምርመራ የለም፤ በቀጥታ ነው የሚወስዷት። አያቷም ዘንድ ቢሆን፣ የትም ቢሆን።» ከዚያ ውባለምን አየና «ምክንያቱን እያወቅኩት... ዝም ስትለኝ ግን ከፋኝ» አለ።

«ይክፋዎት!» አለችው ናርዶስ። «እኛ ስንት ዓመት ከፍቶናል!» ልጇን እጇን ይዛ ወጣች። ምስኪኑን ሰውዬ ለምን እንዲያ አልኩት ብላ አልተጸጸተችም፤ ንዴቷ ለጸጸት ቦታ አልነበረውም።

እሑድ አባባ ኢዮኤል ዘንድ ሄዱ። ጣውላቸው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፈዋል። የአጎዛውን ነገር አላነሱም፤ አንስተውም አያውቁም።

«ውቤ መጣሽ? ነይ፣ ነይ። የእህቴን የሶስናን ወግ ልንገርሽ» አሉ።

ይኼን ወግ ልጅቷ በቃሏ ታውቀዋለች። ከሁሉ የምትወደውም እሱን ነው። ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«ሶስና እንዳንቺ አስመኛ ነበረች» አሉና እንደ ልማዳቸው ቆም አሉ።

ውባለም ከንፈሯን ገጠመች።

አባባ ኢዮኤል ጥቂት ጠበቁ። «ያን ጊዜ እሑድ እሑድ አስፋልቱ ለመኪና ይዘጋና ሰው ሁሉ ይሮጥ ነበር። ሶስና ኢንሄለሯን ካልሲዋ ውስጥ ሸጎጠችና ልሩጥ አለች።» ቆም አሉ። ምንም የለም። ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ።

ውባለም እጃቸውን ይዛ ጠበቅ አደረገች።

«እጄን ምን ሆንሽ? በረደሽ?» አሉ። «ናርዶስ፣ ልጅቷ እዚህ ናት?»

«እዚህ ናት አባባ።» ልጅቷን ሊያስወስዳት የነበረው የእሳቸው ተረት መሆኑን በምን አፏ ትንገራቸው!

«ታዲያ ምነው አትሰማኝም?» ፊታቸው ላይ አንድ ነገር መጣ። የማየውም ሰው ባይኖር የሚሰማኝ አለ ብለው ነበር የሚኖሩት። «በአጎዛው ጊዜ ተቆጥቼሽ ነበር እንዴ ውቤ? ተቀየምሽኝ?»

ልጅቷ እናቷን አየቻት፤ እንባዋ እየወረደ ነው፤ ከንፈሯ ግን እንደተገጠመ ነው። ጠባቂዋ አረንጓዴ ታበራለች። ጤነኛ ልጅ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ናርዶስ ልጇን ከወንበር አዳነች፤ ያዳነቻትም አባቷን በጨለማ ብቻቸውን ጥላ ነው። ይህን ያደረገው ደግሞ ሌባ አይደለም፣ ቀማኛ አይደለም፤ ስለ ደህንነታችሁ የሚል ትሁት ነው።

ናርዶስ የምትልጠውን ሽንኩርት ጣለችው። መጥታ ከልጇ ጎን መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

«ይቀጥሉ አባባ። ሶስና ልሩጥ አለች።»

«ልሩጥ አለች።»

ናርዶስ ትንፋሿን ሳብ አደረገች። በረጅሙ፣ ቤቱ እስኪሰማ። የሽማግሌው ፊት ወደ ድምፁ ዞረ። የእሷ ጠባቂ ብልጭ አለች።

«እናታችን አይሆንም አለቻት። ሐኪሙ ግን መድኃኒትሽን ያዢ፣ ቀስ ብለሽ ጀምሪ፣ ሲከብድሽ ተራመጂ ብሏት ነበርና እንቢ ብላ ወጣች።»

ሳብ። ቢጫ። ናርዶስ የምትሠራው መድኃኒት መጋዘን ውስጥ መሰላል እየወጣች ነው፤ ቀይ ከሆነች ነገ መሰላሉ ላይ አያስወጧትም። ታውቃለች።

«አንዴ ትሮጣለች፣ አንዴ ትራመዳለች። ሰው ሁሉ ቀደማት፤ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ሳይቀሩ ቀደሟት።» ሽማግሌው ሳቁ።

ሳብ። ሳብ። ቀይ። ጠባቂዋ ሲጢጥ ማለት ጀመረች። ውባለም ደንግጣ የእናቷን ኮሌታ በመዳፏ ሸፈነች፤ ድምፁ ግን በጣቶቿ መሃል ይወጣል። ናርዶስ የልጇን እጅ ቀስ አድርጋ አወረደችው።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ምንም አይደለም አባባ። መጨረሻ ወጣች፣ ከዚያስ?»

«መጨረሻ ወጣች። አሸናፊዋ ድሮ ቤቷ ገብታለች። ሰው ግን ቆሞ ጠበቃት።»

ሳብ።

ውጭ ጎማ ተሰማ። ወንበሩ ግቢውን አቋርጦ መጣ፤ በሩ ድረስ መጥቶ ከደፉ ጋር ተጋጨ። ወደኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ተጋጨ። የድሮ ቤት ደፍ ነው፤ እግር ያለው ያልፈዋል እንጂ ጎማ አያልፈውም።

«ስለ ደህንነትዎ ይቀመጡ» አለ ወንበሩ ከውጭ በትሕትና።

«ማነው እሱ?» አሉ አባባ ኢዮኤል።

ናርዶስ ወደ በሩ ዞር ብላ አየችው። ማታ ከዚህ ስትወጣ እዚያው ቆሞ ይጠብቃታል፤ ነገም እግር እግሯን ይከተላታል። እሷን ይከተል። ልጇን ግን አይደለም።

«ባለጌ ነው አባባ» አለች። «ሰው ሲያወራ መስማት አያውቅም። ይቀጥሉ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቃት?»

«ቆሞ ጠበቃት!» አሉ ሽማግሌው፤ ናርዶስም ሳንባዋ የቻለውን ያህል ሳብ አደረገችላቸው።